በጥላ የቀጨጨ በቆሎና ምንም ያልመሰለው ጎመን፦ የፀሐይ ብርሃን በምን መንገድ ምግብ ይሆናል?

ጀማሪ አትክልተኛ (ለገጣፎ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከለገጣፎ ወደ ለገዳዲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አዳዲስ ፎቆችና የገበሬ ማሳ አጥር ለአጥር በሚዋሰኑበት ሰፈር ነው። ከቤቴ ጀርባ አምስት ሜትር በስምንት ሜትር የምትሆን ጓሮ አለችኝ፤ በግማሿ በቆሎ፣ በቀሪዋ የሐበሻ ጎመንና ጥቂት አደንጓሬ እዘራለሁ። አምና በቆሎው ከቁመቴ በልጦ እያንዳንዱ አገዳ ቢያንስ አንድ ደህና እሸት ሰጥቶኝ ነበር። ዘንድሮ በስተምሥራቅ የሚያዋስነኝ ጎረቤቴ ጂ ፕላስ ሦስት ቤት ስላቆመ፣ ጓሮዬ ፀሐይ የሚያገኘው ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ሆነ። ዘሩ የአምናው ነው፤ ፍጉን ከአምናው አብልጬ ጨምሬያለሁ፤ ውኃውንም ክረምቱ አልነፈገኝም። ሆኖም በቆሎው ቀጥኖ ወደ ላይ ብቻ ተመዘዘ፤ እሸቱም ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ መስሎ ወጣ። ጎመኑ ግን ፎቁን ከነመኖሩም ያወቀው አይመስልም።

ከአጥሬ ማዶ የሚያርሱ አንድ አዛውንት ነገሩን አይተው፣ «ፍግ ብትከምርበትም ፀሐይ ካላየ ሆዱ አይሞላም» አሉኝ። እኔ እስከ ዛሬ የተክል ምግብ ያለው በአፈር ውስጥ፣ የፀሐይ ሥራም ማሞቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የልጄን የሳይንስ መጽሐፍ ገልጬ ስለ ብርሃን አስተፃምሮ ባነብ፣ ተክሎች የብርሃንን ኃይል ወደ ኬሚካዊ ኃይል እንደሚለውጡ ተጽፎ አገኘሁ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ቃላቱ ገቡኝ፣ ነገሩ ግን አልገባኝም። ብርሃን በሚዛን ላይ አይቀመጥም፤ እሸት ግን ይመዘናል። የማይመዘነው ነገር እንዴት ወደሚመዘነው ይለወጣል? ደግሞስ ሁለቱም በአንድ አፈርና በአንድ ጥላ ውስጥ እያሉ በቆሎው ተጎድቶ ጎመኑ የተረፈው ለምንድን ነው? የሚያውቅ ሰው በትዕግሥት ቢያስረዳኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።


ጡረተኛ መምህር (ሰበታ)

ስለ በቆሎውና ስለ ጎመኑ ልዩነት ከእኔ ይልቅ ሰብል የሚያውቅ ሰው ቢመልስልዎ ይሻላል። እኔ ግን ረጅም ዘመን ባስተማርኩት፣ ብርሃን እንዴት ምግብ ይሆናል በሚለው ላይ ጥቂት ልቆይ።

ግራ ያጋባዎት አንድ ነገር ነው፦ ብርሃኑ ራሱ እሸት የሚሆን መስሎዎታል። ብርሃን ወደ ቁስ አይለወጥም። የእሸትዎ ክብደት የመጣው ከአየርና ከውኃ ሲሆን፣ ብርሃኑ የሸፈነው የሥራውን ወጪ ነው። ከአፈር እንዳልመጣ በሚዛን የፈተነው ደግሞ በ17ኛው መቶ ዘመን የነበረው ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት ነው። 200 ፓውንድ፣ ማለትም 90 ኪሎ ግራም ገደማ የደረቀ አፈር በትልቅ ማሰሮ ሞልቶ፣ 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበትና ለ5 ዓመታት ውኃ ብቻ አጠጣት። በመጨረሻ ዛፏ 169 ፓውንድ፣ ማለትም 77 ኪሎ ግራም ያህል ስትመዝን፣ ከአፈሩ የጎደለው ግን 2 አውንስ ብቻ ነበር፤ ይህም ወደ 57 ግራም ነው። ከሞተ በኋላ በ1648 በታተመው ሥራው እንደሚነበበው፣ እሱ ሁሉንም ክብደት ለውኃ ሰጠ፤ እንግዲህ በግማሽ ልክ ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው፣ ከደረቀ ተክል ክብደት 95 በመቶ ያህሉ ካርቦን፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ነው። ካርቦኑ የሚገኘው በአየር ውስጥ 0.04 በመቶ ብቻ ከሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ይህን ያህል ከሳሳ ነገር ባሕር ዛፍን የሚያህል ግንድ መቆሙ ከሠላሳ ዓመት ማስተማር በኋላም ያስደንቀኛል።

ታዲያ ፍግዎ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ፍጉ ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስ፣ ማግኒዥየምና ሌሎች ማዕድናት ይሰጣል፤ ናይትሮጅን ከሌለ የሕዋሱን ሥራ የሚያካሂደው ፕሮቲን፣ ኢንዛይም፣ አይሠራም፤ ማግኒዥየም ከሌለ የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም የሆነው ክሎሮፊል አይኖርም። ነገር ግን ፍግ የወጥ ቤቱ ዕቃ ነው እንጂ እህሉ አይደለም፤ ድስትና ምጣድ ቢበዙ እሳት በሌለበት ወጥ አይወጣም። የእሳቱ ነገር ቀስ በቀስ የተገለጠ ነው። በ1771 ጆሴፍ ፕሪስትሊ፣ ሻማ ነዶበት የጠፋበትን የታፈነ አየር የናና ቅርንጫፍ መልሶ ሻማ የሚያነድድ እንደሚያደርገው አየ። በ1779 ደግሞ ያን ኢንገንሃውስ ይህ የሚሆነው በአረንጓዴው የተክል ክፍል ብቻ፣ እሱም ብርሃን ሲያገኝ ብቻ መሆኑን አሳየ።

አሁን ወደ ልብዎ ጥያቄ እንግባ። በከተማዋ ዳርቻ የምንኖር ሁላችን ሮቶን እናውቃለን። ውኃ በመጣበት ሌሊት ተነሥተን በፓምፕ ወደ ጣራ እንገፋዋለን። ፓምፑ የበላው መብራት የት ሄደ ቢባል፣ ውኃው ከፍ ብሎ በመቀመጡ ውስጥ ተቀምጧል፤ በማግሥቱ ቧንቧው ሲከፈት ውኃው በራሱ ግፊት ይወርዳል። በቅጠል ውስጥ ፓምፑ ብርሃን ሲሆን፣ ወደ ላይ የሚገፋው ኤሌክትሮን ነው።

የቅጠል ሕዋሳት ክሎሮፕላስት የሚባሉ ደቃቅ አካላት አሏቸው፤ በእነሱም ውስጥ እንደ እንጀራ የተነባበሩ ስስ ሽፋኖች አሉ። ክሎሮፊል የተሰካው በእነዚህ ሽፋኖች ላይ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት አንዱ ኤሌክትሮኑ ጉልበት አግኝቶ ከቦታው ይነሣል፤ ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ይወድቅና ያገኘው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይባክን ነበር። ድንጋይ ላይ ያረፈ ብርሃን ዕጣው ይኸው ነው። ቅጠሉ ከድንጋይ የሚለየው፣ የተነሣውን ኤሌክትሮን ገና ሳይወድቅ የሚቀበል ሌላ ሞለኪውል አጠገቡ አሰልፎ ስለሚጠብቅ ነው። ክሎሮፊሉ የጎደለበትን ኤሌክትሮን የሚተካው ከውኃ ነው፤ ውኃውም ተሰንጥቆ ኦክስጅኑ ወደ አየር ይወጣል። የምንተነፍሰው ኦክስጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይሆን ከውኃ የተገኘ መሆኑን በ1941 ሳሙኤል ሩበን፣ ማርቲን ካሜንና ባልደረቦቻቸው ከባድ ኦክስጅን ያለበትን ውኃ ተጠቅመው አረጋግጠዋል።

ኤሌክትሮኑ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉት ሲወርድ፣ በመንገዱ ፕሮቶኖችን፣ ማለትም ኤሌክትሮናቸውን ያጡ ሃይድሮጅኖችን፣ ወደ ሽፋኑ ውስጠኛ ክፍል ያስገፋል፤ ከዚያ ሁለተኛ የክሎሮፊል ስብስብ በሌላ ብርሃን እንደገና ያነሣውና ኤንኤዲፒኤች በሚባል ተሸካሚ ላይ ያርፋል። ውስጥ የታጨቁት ፕሮቶኖች ደግሞ እንደ ተገደበ ውኃ መውጫ ይፈልጋሉ። መውጫቸው አንድ የሚሽከረከር ፕሮቲን ብቻ ሲሆን፣ የቆቃ ውኃ ተርባይኑን እንደሚያዞር ሁሉ እነሱም እያዞሩት ሲወጡ ኤቲፒ የተባለው የሕዋስ መንዛሪ ገንዘብ ይሠራል። ይህን የፕሮቶን ግድብ ሐሳብ ያቀረበው ፒተር ሚቸል ሲሆን፣ በመጀመሪያ ብዙዎች ባይቀበሉትም በ1978 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

እስከዚህ ድረስ ስኳር የሚባል ነገር የለም። ኤቲፒና ኤንኤዲፒኤች ወዲያው መመንዘር ያለባቸው፣ በጎተራ የማይገቡ ናቸው። የሚመነዘሩትም በክሎሮፕላስቱ ፈሳሽ ክፍል ውስጥ፣ ሩቢስኮ የሚባለው ኢንዛይም ከአየር የገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ አምስት ካርቦን ባለው ስኳር ላይ ሲያጣብቀው በሚጀምረው ዑደት ነው። የዑደቱን ደረጃዎች ሜልቪን ካልቪን፣ አንድሩ ቤንሰንና ጄምስ ባሻም አልጌን ጨረር አመንጪ ካርቦን 14 እየመገቡ ተከታትለውታል፤ ካልቪን በ1961 ተሸልሞበታል። አንዲት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ወደ ስኳርነት ለመግባት 3 ኤቲፒና 2 ኤንኤዲፒኤች ታስከፍላለች፤ ለአንድ ግሉኮስ ስድስት ስለሚያስፈልጉ ሒሳቡ 18 እና 12 ይሆናል።

ኬሚካዊ ኃይሉ እንግዲህ የት ነው? በስኳሩ ውስጥ ብቻ እንደተደበቀ አድርገን ስናስተምር ኖረናል፤ ይህ ግን ጎዶሎ ነው። ካርቦንና ሃይድሮጅን ከኦክስጅን ጋር መጣመር አጥብቀው ይሻሉ፤ ሲጣመሩም ሙቀት ይሰጣሉ። ብርሃኑ የሠራው ሥራ እነሱን ማለያየት ነው፦ ካርቦኑና ሃይድሮጅኑ በስኳርነት እዚህ ሲቀሩ፣ ኦክስጅኑ ወደ አየር ተሰደደ። ኃይሉ ያለው በዚህ መለያየት ውስጥ ነው፣ ልክ የሮቶው ኃይል በውኃውና በመሬቱ መካከል ባለው ርቀት ውስጥ እንዳለ። 180 ግራም ግሉኮስ ከኦክስጅን ጋር መልሶ ሲገናኝ 2,870 ኪሎ ጁል ያህል ይለቃል፤ በሆድ ውስጥ ቀስ ብሎ፣ በምድጃ ውስጥ በአንድ ጊዜ። ከእንጦጦ የወረደ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በምጣድ ሥር ሲነድ የሚሞቀን፣ ቅጠሉ በቀደሙት ዓመታት የለያያቸው ነገሮች እንደገና ሲገናኙ ነው።

ቅጠል አረንጓዴ የሆነውም ክሎሮፊል ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ወስዶ አረንጓዴውን ስለማይፈልገው መልሶ ስለሚሰድደው ነው።

በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ የአደንጓሬ ቅጠል ይበቃዎታል። ቅጠሉን ሳይቆርጡ መካከሉን በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልለው ሁለት ቀን ያቆዩት፤ ከዚያ ይቁረጡና በፈላ ውኃ ለአንድ ደቂቃ ይንከሩት። ቀጥሎ በአልኮል በተሞላ ብርጭቆ ያድርጉትና ብርጭቆውን በሞቀ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው አረንጓዴው እስኪለቅ ይጠብቁ። ውኃውን ቀድመው ያፍሉት፣ እሳቱን ያጥፉ፣ አልኮሉን ከዚያ በኋላ ብቻ ያምጡ፤ አልኮል በምድጃ ላይ አይጣድም። በመጨረሻ ቅጠሉን አለቅልቀው ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠውን ቡናማ አዮዲን ያንጠባጥቡበት፤ ቅጠሉ ከስኳሩ ሠርቶ የሚያከማቸው ስታርች ያለበት ቦታ ይጠቁራል።


የጽጌረዳ ሠራተኛ (ሆለታ)

የመምህርን ማብራሪያ እንደ ተማሪ ሆኜ አነበብኩት። እኔ የተማርኩት በእጄ ነውና አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በአበባ እርሻ ውስጥ ጽጌረዳን ስንይዝ፣ አበባ የማይወጣለትን ቀጭን ቅርንጫፍ ቆርጠን አንጥልም፤ ወደ መተላለፊያው አጉብጠን እናስተኛዋለን። አዲስ ሠራተኛ ሁልጊዜ የሚጠይቀው፣ አበባ የማይሰጥ ቅርንጫፍ ምን ይሠራል ብሎ ነው። መልሱ ቅጠሎቹ ናቸው። ጎንበስ ብለው ብርሃን እየተቀበሉ ስኳር ይሠራሉ፤ ስኳሩ በግንዱ በኩል ወደ ሥርና ቀጥ ብሎ ወደሚያድገው፣ ለገበያ ወደሚቆረጠው አገዳ ይሄዳል። የሚያበላው ሌላ፣ የሚሸጠው ሌላ ነው።

የጠያቂው በቆሎ «ወደ ላይ ብቻ ተመዘዘ» መባሉም ከዚህ ጋር ይገናኛል። ተክል ጥላ ሲሰማው ያለውን ጥቂት ስኳር ለቁመት ያውለዋል፣ ከጥላው ለማምለጥ ይመስላል። ከዛፍ ወይም ከሌላ ሰብል ጥላ ቢሆን ኖሮ ያዋጣው ይሆናል፤ ከጂ ፕላስ ሦስት ጋር ግን ፉክክሩ የትም አያደርስም። የረዘመው አገዳ የበላው ስኳር ደግሞ ፍሬው ሊበላው የነበረ ነው። በቆሎ ላይ ለፍሬው አብዝተው የሚያዋጡት በእሸቱ አካባቢና ከእሸቱ በላይ ያሉት ቅጠሎች ስለሆኑ፣ በሚቀጥለው ዘመን ሲያሳሱ ወይም ለከብት ቅጠል ሲለቅሙ እነሱን አይንኩ።


ሰብል ተመራማሪ (ገላን)

መምህር ለእኔ የተዉልኝን ክፍል ልመልስ፤ አስቀድሜ ግን አንዲት እርማት አለችኝ። ቅጠል አረንጓዴውን ብርሃን አይፈልገውም መባሉ በትምህርት ቤት የተለመደ አነጋገር ነው፣ እውነቱ ግን ከዚያ ይለያል። በብልቃጥ ውስጥ ያለ ክሎሮፊል አረንጓዴውን እምብዛም አይወስድም፤ ሙሉ ቅጠል ግን ብርሃኑ በሕዋሳቱ መካከል ወዲያና ወዲህ ስለሚመላለስ ከአረንጓዴውም አብዛኛውን ይይዛል፣ ይጠቀምበታልም። እንዲያውም ቀዩና ሰማያዊው በላይኛው ገጽ ስለሚያልቁ፣ ወደ ቅጠሉ ውስጠኛ ክፍል ዘልቆ የሚደርሰው አረንጓዴው ነው። ለዓይናችን አረንጓዴ የመሰለን ከሌሎቹ ይልቅ ጥቂት ስለሚተርፍ ነው።

ወደ በቆሎው ልመለስ። መምህር የጠቀሱት ሩቢስኮ የዚህ ሁሉ ሥራ ማነቆ ነው። በዓለም ላይ ካሉ ፕሮቲኖች ሁሉ በብዛቱ የሚወዳደረው እንደሌለ ይነገራል፤ የበዛበት አንዱ ምክንያት ዘገምተኛ መሆኑ ነው፣ በሴኮንድ የሚይዘው ጥቂት ሞለኪውሎችን ብቻ ነው። ከመዘግየቱም በላይ ይሳሳታል፦ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሲይዝ፣ አንድ ጊዜ ያህል ኦክስጅንን በስሕተት ይይዛል። ስሕተቱን ለማረም ተክሉ ኃይል ያወጣል፣ የያዘውን ካርቦንም በከፊል ይለቃል። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ስሕተቱ ይበዛል።

ጎመን፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንችና እንሰት ይህን ጉድለት ችለው ይኖራሉ፤ የመጀመሪያው ውጤታቸው ሦስት ካርቦን ስላለው ሲ-3 ይባላሉ። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሸንኮራ አገዳና ጤፋችን ግን ሌላ ብልሃት አላቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጀመሪያ የሚይዘው ከኦክስጅን ጋር የማይሳሳት ሌላ ኢንዛይም ነው፤ አራት ካርቦን ያለው አሲድ ያደርገውና በቅጠሉ ጅማቶች ዙሪያ ወደሚገኙ ሕዋሳት ይልከዋል። አሲዱ እዚያ ተፈትቶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቃል፤ ሩቢስኮ የተቀመጠው በዚያ ስለሆነ፣ ዙሪያው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይታጨቅና ኦክስጅንን የመያዝ ዕድሉ ይመነምናል። ማርሻል ሃች እና ሮጀር ስላክ አውስትራሊያ ውስጥ በሸንኮራ አገዳ ላይ ሠርተው ይህን መንገድ በ1966 ገልጸውታል። የዚህ ቡድን ስም ሲ-4 ነው። ብልሃቱ በነጻ አይገኝም፤ ለእያንዳንዷ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁለት ተጨማሪ ኤቲፒ ይጠይቃል፣ ኤቲፒ ደግሞ የሚመጣው ከብርሃን ነው።

አሁን ሁለቱን በጓሮዎ ጎን ለጎን ያቁሟቸው። የጎመን ቅጠል ከሙሉ የቀትር ብርሃን ሲሶው ወይም ግማሹ ሲደርሰው ይጠግባል፤ ከዚያ በላይ የሚወርድበትን ብርሃን ሩቢስኮው ሊደርስበት ስለማይችል ቅጠሉ ትርፉን ሙቀት አድርጎ ይጥለዋል። ስለዚህ ፎቁ የወሰደበት ብርሃን ከፊሉ ቀድሞም የማይጠቀምበት ነበር፤ የጠዋቱን ቢያጣም ከአምስት ሰዓት በኋላ ቶሎ ይጠግባል፤ የምንበላውም ቅጠሉን ራሱን ስለሆነ ፍሬ እስኪሞላ መጠበቅ አያስፈልገንም። የበቆሎ ቅጠል ግን በሙሉ ቀትር ብርሃንም ቢሆን ገና አልጠገበም። ብርሃን በቀነሰለት መጠን ስኳሩ ወዲያው ይቀንሳል፤ የአዛውንቱ ጎረቤትዎ አነጋገር ለበቆሎ ቃል በቃል ልክ ነው።

ሌላም ጠያቂው ያላስተዋለው የሚመስለኝ ነገር አለ። ፎቁ የቆመው በምሥራቅ ነው። በእኛ አካባቢ ክረምት የሚበዛው ሰማይ ጠዋት ገለጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ደመናና ዝናብ ነው። ፎቁ በምዕራብ ቢሆን ኖሮ የሚወስደው አብዛኛውን ደመና የሸፈነውን ብርሃን ነበር፤ በምሥራቅ በመቆሙ ግን የክረምቱን ምርጥ ብርሃን ወስዶ፣ ለበቆሎው በዳመና የተጣራውን ትቶለታል። የጠፉት ሰዓታት በቁጥር አራት ወይም አምስት ናቸው፣ በብርሃን መጠን ግን ከዚያ ይከብዳሉ። «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚለው የቱሪስት ማስታወቂያ ሐምሌን የሚያውቅ ሰው የጻፈው አይመስለኝም።

ሁሉንም በጥላው ላይ እንዳናላክክ፣ ብርዱም ድርሻ አለው። ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ሲ-4 መሆን በቆላ የሚሰጠውን ያህል ብልጫ አይሰጥም፤ በብርድ የሩቢስኮ ስሕተት ስለሚያንስ ሲ-3ዎቹ ብዙም አይጎዱም፣ በቆሎ ግን በቀዝቃዛ ጠዋት ሥራውን ዘግይቶ ይጀምራል። ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ ሲወጡ ገብሱ፣ ወደ ዱከምና አድአ ሲወርዱ ጤፉ የሚበዛበት ምክንያት የአፈሩና የውኃው ነገር እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በከፊል ይኸው ነው።

የበቆሎውን መደብ ከፎቁ ራቅ ወዳለው ምዕራባዊ ጫፍ ያዛውሩት፤ ጥላው ቀድሞ የሚለቀው ያንን ጫፍ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢያተርፉ ዋጋ አለው። በፎቁ ሥር ጎመንና ድንች ይኑሩበት። በበጋ በመስኖ የሚያለሙ ከሆነ ደግሞ የደቡቡን አጥር ይመልከቱ፤ በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ሦስት ሜትር አጥር በቀትር እንኳ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል። በክረምት ግን የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ያ አጥር በቀትር አያጠላም።


ጀማሪ አትክልተኛ (ለገጣፎ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ የምሥራቁና የምዕራቡ ነገር ጨርሶ በአእምሮዬ አልመጣም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ብርሃን የሥራውን ወጪ የሚሸፍን ከሆነ፣ ተክሉ ሌሊቱን በምን ይኖራል? እናቴ አበባ ባለበት ክፍል አትተኛ፣ ሌሊት አየር ይሻማሃል ትለኝ ነበር፤ ይህስ እውነት ነው?


ጡረተኛ መምህር (ሰበታ)

አስቀድሜ የገላኑን ወዳጄን እርማት ተቀብያለሁ። አረንጓዴውን አስመልክቶ ለስንት ተማሪ እንዲያ እንዳልኩ ሳስበው ያሳፍራል።

ተክል ሌሊት የሚኖረው ቀን ባስቀመጠው ነው። ቅጠሉ ቀን ከሠራው ስኳር ከፊሉን ወዲያው ወደ ሥርና ወደ ፍሬ ይልካል፣ ከፊሉን ደግሞ እዚያው በክሎሮፕላስቱ ውስጥ ስታርች አድርጎ ያከማቻል። ፀሐይ ስትጠልቅ ስታርቹ እንደገና ወደ ስኳር እየተፈታ ይላካል፤ ሲነጋ ጎተራው ባዶ ሊሆን ይደርሳል። ተክሉም እንደ እኛ ስኳሩን ከኦክስጅን ጋር አገናኝቶ ይተነፍሳል፤ ቀንም ይተነፍሳል፣ ቀን ግን የሚያስወጣው ኦክስጅን ከሚጠቀመው ስለሚበልጥ አይታወቅበትም። እናትዎ ያሉት እንግዲህ ከእውነት የራቀ አይደለም፣ መጠኑ ግን ኢምንት ነው፤ አንድ ማሰሮ አበባ ሌሊቱን ከሚወስደው ኦክስጅን ይልቅ አብሮዎት የሚተኛው ሰው የሚወስደው እጅግ ይበልጣል።

በአጥር ላይ የሚተከለው በለስና ቁልቋል ደግሞ ነገሩን ገልብጠውታል። ውኃ እንዳይተንባቸው ቀን ቀዳዳዎቻቸውን ዘግተው ይውላሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚያስገቡት ሌሊት ነው፣ አሲድ አድርገው ያስቀምጡትና ቀን በብርሃን ስኳር ያደርጉታል። ብርሃኑ ካልመጣ ግን እነሱም ያስገቡት ካርቦን አሲድ እንደሆነ ይቀራል።


ጀማሪ አትክልተኛ (ለገጣፎ)

የአዮዲኑን ሙከራ ሠራሁ፤ ውጤቱን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ከሸፈ። የጠቀለልኩትን የአደንጓሬ ቅጠል ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቆረጥኩትና እንደተነገረኝ አደረግሁ፤ የተሸፈነውም ያልተሸፈነውም ክፍል እኩል ቡናማ ሆነ። አዮዲኑ ተበላሽቷል ብዬ የተቀቀለ ድንች ላይ ባንጠባጥብ ወዲያው ጠቆረ። ከዚያ የመምህርን የሌሊቱን ማብራሪያ መለስ ብዬ ሳነብ፣ የቆረጥኩት ጎተራው ባዶ በሆነበት ሰዓት መሆኑ ገባኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ሁለት ቅጠል ቆረጥኩ፤ አንዱ በመካከሉ የተጠቀለለ፣ ሌላው ምንም ያልተደረገለት ነገር ግን በፎቁ ሥር ካለው ጥግ የተለቀመ ነበር። አልኮሉ አረንጓዴውን ካስለቀቀ በኋላ ሁለቱም እንደ ወረቀት ነጡ። የመጀመሪያው በአዮዲን ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ በመካከሉ የወረቀቱን ልክ የያዘ ገርጣ ያለ ቀበቶ ወጣበት። የጥጉ ቅጠል እዚህም እዚያም ጠቆር ጠቆር ከማለት አላለፈም።

በሰሃን አድርጌ በአጥሩ ላይ ለአዛውንቱ አሳየኋቸው። ስለ ኤሌክትሮኑ ምንም አላነሣሁም። ጥቁሩን ቅጠል በጣታቸው ነክተው፣ «ይኼኛው በልቷል» አሉና የገረጣውን ቀበቶ ማን እንዳሰረበት ጠየቁኝ። የበቆሎውን መደብ ወደ ምዕራቡ ጫፍ ለማዛወር መስመሩን አብረን ለካን፤ ከፎቁ ሥር ያለውን ጥግ ለድንች ትቼዋለሁ።